«ኮቱ» ሲጠብቅ

ገላኔ ዱጋሳን አንድ ተራ ቀን ይህን ያህል ያስወጣታል፦ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ፣ አምስት ጊዜ ማጥባት፣ ሁለት የባጃጅ መንገድ፣ እና ግማሽ ድምፅ። ድምፁ ግማሽ የሆነው ሌላው ግማሽ ለቅዳሜና ለእሑድ ስለሚቀመጥ ነው። ገላኔ አዳማ ውስጥ የሠርግ ዘፈን አውጪ ናት። እሷ ታወጣለች፣ ጓደኞቿ ይቀበላሉ፣ ጂጂ ከበሮ ትመታለች። ሠርግ በሌለበት ቀን የሠርግ ልብስ ከሚያከራይ ሱቅ ገብታ ተመላሽ ኮት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ስለዚህ በአዘቦት ቀን የአሥራ አንድ ወር ልጇ ቢኒያም ቢነጫነጭ እንኳ «እሽ፣ እሽ» ትለዋለች እንጂ አትዘፍንለትም።

«ልጅሽን በቁጠባ ነው የምታባብዪው» ይሏታል እናቷ ወይዘሮ ሎሚ።

እናቷ ራሳቸው ሌላ ወጪ ናቸው። ወይዘሮ ሎሚ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ካላቸው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ፤ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ። ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት ዘበኛው ቁልፉን ሳይፈልግ ነው። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ወደ ፊት ተስበው፣ ሹፌሩን በጉልበታቸው እየገፉ ነው የሚሄዱት። ገላኔ ልጅ አዝላ፣ ቦርሳ አንጠልጥላ ከኋላቸው ትሮጣለች።

«ምን ያስቸኩልሻል እማዬ?»

«አንድ ጊዜ አርፍጃለሁ። እሱ ዕድሜ ልኬን ይበቃኛል።»

ገላኔ ይህን ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የምትሰማው።

ሰኞ ግን ከወጪው ጎን ገቢም አለው፤ እሱም ሎሚ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል የሚያገባ ወንድ ኮቱ ኪስ ውስጥ አንድ ሎሚ መክተት አለበት። ገላኔ ዘፈኑን ስታወጣ ሙሽራዋ እጇን ኪሱ ውስጥ ትከታለች፣ ሎሚውን አውጥታ ታሸታለች፣ ድንኳኑ በእልልታ ይናጋል፦

«ሎሚ በኮቱ፣ ሎሚ በኮቱ፣
ሽታው አወደኝ ገና ከቤቱ።»

ከዚያ ሎሚው ኪስ ውስጥ ተመልሶ ይረሳል። ሰኞ ኮቱ ሱቅ ሲመለስ ሎሚውም አብሮ ይመጣል። ገላኔ ለሻይዋ ሎሚ ገዝታ አታውቅም። ወይዘሮ ሎሚ ግን ከዚያ ሎሚ አንድ ጠብታ ቀምሰው አያውቁም።

«ስሜን አልጠጣም» ይላሉ።

ይህን ዘፈን ለሰው ሁሉ ያደረሱት መምህር ሙሉብርሃን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ላይ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ ገጣሚም ነበሩ። ቅዳሜ ሲሆን ቴፕ በትከሻቸው አንጠልጥለው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሰው ራዲዮ ላይ የሰማውን ብቻ በሚዘፍንበት ጊዜ እሳቸው የዓሣ አጥማጁን፣ የጋሪ ነጂውን፣ የቲማቲም ለቃሚዋን ዘፈን እየቀዱ ይዞራሉ። የጎደለ ስንኝ ካለ ራሳቸው ይሞሉታል፤ ከዚያ ለከተማው ዘፋኞች ሰጥተው ያስዘፍኑታል። ሁለት ካሴት አውጥተዋል። ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ዛሬ ስማቸውን የማያውቅ ሁሉ በዘፈናቸው ይድራል።

ገላኔ ግን ስማቸውን አሳምራ ታውቃለች። ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላይ «በዘፈኑ ውስጥ ሎሚው የምን ምሳሌ ነው?» የሚል ጥያቄ መጥቶ፣ «የፍቅር» ብላ ግማሽ ገጽ ጽፋ አሥር ከአሥር አግኝታለች። ያቺን ወረቀት እስካሁን አልጣለቻትም።

እና ዘንድሮ፣ የመምህሩ ልጅ የሺዓለም የአባቷን ዘፈኖች በሙሉ በመጽሐፍ ልታወጣ ተነሳች። መጽሐፉ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መታሰቢያ ይደረጋል፤ «ሎሚ በኮቱ»ን የምታወጣው ገላኔ ናት። ቃል እንዳትስት ብላ የሺዓለም የመጽሐፉን ገጽ ኮፒ ሰጠቻት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ገላኔ ቢኒያምን እያጠባች ያንን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ከዘፈኑ ሥር ማብራሪያ ነበረው። «ይህን ዘፈን የመቂ ቲማቲም ለቃሚ ሴቶች የሚወዱትን ወንድ እያሰቡ ያዜሙት ነበር። ሎሚው የፍቅር፣ ኮቱ የአለኝታ ምሳሌ ነው።»

ጓሮ በር ላይ ቆመው የሕፃን ልብስ የሚያራግፉት ወይዘሮ ሎሚ እጃቸው ቀጥ አለ።

«ማን ነው የሚያስበው?»

«ሴቶቹ።»

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ እንደ ከሰል ጆንያ ተጭነን፣ ወንድ እናስባለን?»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ እማዬ?»

«እኔ ነኛ ሎሚዋ!»

ገላኔ ሳቀች። ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1976 ሎሚ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ከመቂ ወጣ ብሎ በነበረ እርሻ ቲማቲም ትለቅም ነበር። ሴቶቹን ጎህ ሳይቀድ ከመገንጠያው የሚያነሳቸው አንድ ፊያት የጭነት መኪና ነው። ተቆጣጣሪው ፊሽካ ሲነፋ ይነሳል፤ የቀረች የቀኗን ሥራ አጣች። ሹፌሩ ግን አንድ ሕግ ነበረው። ተቆጣጣሪውን «ሴት ቆማ እያጨበጨበች መኪና ካስነሳሁ ትወድቅብኛለች፤ ይጨርሱ» ይለዋል። ሴቶቹ ይህን ካወቁ በኋላ አንዲት ስትዘገይ ዘፈን ይጀምራሉ። የመኪናውን ሳንቃ በመዳፋቸው እየመቱ ያረፈደችውን በስሟ ይጠሯታል፤ እስክትደርስ ስንኝ ይጨምራሉ፣ ይጨምራሉ። በጣም የምታረፍደው ሎሚ ነበረች። እናቷ አልጋ ላይ ስለነበሩ ውኃ ቀድታ፣ አጥባቸው፣ አጉርሳቸው ነበር የምትወጣው።

«እና ‹ሎሚ ኮቱ› ነው የምንለው። በኦሮምኛ። ‹ሎሚ፣ ነይ!› ማለት ነው። ቱ ጠበቅ ትላለች፤ ኮቱ! የምን የወንድ ኮት?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሳንቃ በሌለበት በሩን እየመቱ አዜሙት፦

«ሎሚ ኮቱ፣ ሎሚ ኮቱ፣
ሳትወጪ አይሄድም ይሄ ፊያቱ።»

ገላኔ ወረቀቱን አየችው። «በ»ን ከተዉት በፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። ቱ ሲላላ ኮት ነው፤ ሲጠብቅ ሰው መጥራት ነው። አሥር ከአሥር ያገኘችበት ነገር ሁሉ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

«ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር ‹ቆይ፣ ያቺ የምታረፍደው ሴትዮ እኔ ነኝ› ብዬ ልነሳ? ደስ ብሏቸው ይጨፍሩ አልኩ። አባትሽም እየሰማ ይስቃል እንጂ አርሞ አያውቅም።» ልብሱን እንደገና አራገፉት። «መጽሐፍ ግን ሌላ ነው፣ ገላኔ ኮ፣ ገላኔዬ። ዘፈን ነገ ይቀየራል። ከመጽሐፍ ማን ያወጣኛል?»

አባቷ ዱጋሳ የዚያው ፊያት ሹፌር ነበሩ። ሎሚን ያገቡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቡናማ ኮታቸው አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ገላኔ ከሕፃንነቷ የምታስታውሰው ሽታቸውን ነው፦ ናፍጣና ሎሚ። ኪሳቸው ውስጥ አንድ ሎሚ አይጠፋም ነበር። «የናፍጣው ሽታ እንዳያዞረኝ» ይሉ ነበር ሲጠየቁ።

ያን ምሽት ወይዘሮ ሎሚ ሲንጎራደዱ አመሹ። ማክሰኞ ጠዋት ገላኔ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

የሺዓለም ቤት ሲደርሱ እሷ ገና ፊቷን መታጠቧ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሴት ናት። የአባቷን ወረቀት የምትነካው እጇን አድርቃ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ሰምታም ተነፈሰች።

«እማማ ሎሚ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ይመጣል። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ መጥተው ‹ኮቱ የኔ ነበር› ብለውኛል።»

«ኮቱንማ ይውሰዱት» አሉ ሎሚ። «እኔ የመጣሁት ለስሜ ነው።»

«አባቴ እኮ የአማርኛ መምህር ነበር። አንድ ፊደል የሚስት ሰው አልነበረም።»

«አማርኛውንማ አልሳቱም፤ ኦሮምኛው ነው ያመለጣቸው።»

ገላኔ እናቷን በክርኗ ጎሸመቻቸው። የሺዓለም ግን አልተቆጣችም፤ ተነስታ የአባቷን ደብተር አመጣች። በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር፦ «ሎሚ በኮቱ። ከመቂ። ሁለተኛው ስንኝ የእኔ ነው።» ከደብተሩ ጋር አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ነበር። አንዱ ላይ «መቂ፣ ሰኔ 76፣ ቲማቲም ለቃሚዎች» ይላል።

«ይኸው! ሰምተሽዋል?» አለች ገላኔ ቸኩላ፤ ወዲያው ደግሞ «ሰምተውታል?» ብላ አረመችው።

«ቴፑ ተበላሽቷል።» የሺዓለም ካሴቱን በአውራ ጣቷ አበሰችው። «እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ድምፁን መስማት ፈርቼ ነው። አሁን ግን ዓርብ ደረሰ፤ ያለ ማስረጃ የአባቴን ቃል መቀየር አልችልም።»

አዳማ ውስጥ ቴፕ ጠጋኞቹ ሁሉ ወደ ሞባይል ዞረዋል። ገላኔ ለጂጂ ደወለች። ጂጂ ደግሞ ሻሸመኔ መሐመድዘይን የሚባል ሰው እንዳለ ነገረቻት። እዚያ ራስታዎቹ የድሮ ካሴታቸውን ስለማይጥሉ ሙያው አልሞተም፤ የተበጠሰ ክር ሳይቀር ይቀጥላል አለቻት።

«ነገ ይዤው ልሂድ?» አለች ገላኔ።

«ካሴቱ ከእጄ አይወጣም» አለች የሺዓለም።

«እንግዲያው እጅሽም ይምጣ» አሉ ወይዘሮ ሎሚ። የዚያን ዕለት ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጫማቸውን ሊያስሩ ነው የተቀመጡት።

ረቡዕ ጠዋት ገላኔ አረፈደች። ቢኒያም ሌሊቱን ጥርስ ሲያመው አድሮ፣ ልክ ሊወጡ ሲሉ ልብሱን አበላሸ። እናቷን «አንቺ ቅደሚና ቦታ ያዢ» ብላ ልካቸው፣ ልጁን አጥባ፣ ቀይራ፣ መናኸሪያ ስትደርስ የሻሸመኔው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ወይዘሮ ሎሚ በሩ ላይ ነበሩ፤ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንድ እግራቸው መሬት።

«እናት፣ ወይ ውጡ ወይ ውረዱ!» ይጮሃል ረዳቱ።

«ልጄ ሳትመጣ አይሄድም።»

«በሩን ልዝጋ እኮ ነው የምሎት!»

«ዝጋው፤ እግሬ ላይ ዝጋው። ከዚያ ሆስፒታል ታደርሰኛለህ፤ ልጄም እዚያው ትደርስብናለች።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩም ሳቀና ሞተሩን አጠፋ። ገላኔ እያለከለከች ገባች። የሺዓለም ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንደያዘች ሁሉንም ስታይ ነበር። ሞጆ ደረሱ። ወደ ደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው መንገዱን ሲያዘገዩት ነው ዞር ያለችው።

«እማማ ሎሚ፣ ያኔም እንዲህ ነበር የምታደርጉት?»

«እንዲሁ ነው። በዘፈን።»

መቂ ሲደርሱ ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ወይዘሮ ሎሚ መስኮቱን ከፍተው መገንጠያውን እስኪጠፋቸው ድረስ አዩት። ከዚያ ባቱን፣ ከዚያ የላንጋኖን መታጠፊያ አለፉ። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ «ደረስን?»፣ አንድ ጊዜ «ይሄ ሰው አይነዳም እንዴ?» እያሉ፣ የገላኔን ጉልበት እየነካኩ ሻሸመኔ ገቡ።

የመሐመድዘይን ሱቅ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካሴቱን ወደ ብርሃን አነሳው።

«አርባ ዓመት? እናቴ፣ ይሄማ ከኔ ጋር እኩያ ነው። መጀመሪያ በእጅ ነው የማጠነጥነው፤ ማሽን ውስጥ ከገባ ይበጠሳል።» እስክሪብቶ አስገብቶ ቀስ እያለ አዞረው። ወይዘሮ ሎሚ ደጃፉ ላይ ይንጎራደዳሉ። ቢኒያም ያንን የሚዞር እስክሪብቶ እያየ እንቅልፍ ወሰደው።

በመጨረሻ ቁልፉ ተጫነ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ የሚመስል ንፋስ፣ ከዚያ የሞተር ጉርምርምታ። ከዚያ ቅርብ፣ ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ፦ «መቂ። ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሩብ።» የሺዓለም እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባቷ ነበሩ።

ከዚያ መዳፎች ሳንቃ መቱ፤ ሴቶቹ ተነሱ። ሞተሩ ግማሹን ይበላዋል፤ የሚሰማው «ሎሚ... ኮቱ፣ ሎሚ... ኮቱ» ብቻ ነው።

«‹ነይ› ነው እኮ የሚሏት!» አለ መሐመድዘይን ማንም ሳይጠይቀው። «ስታረፍድ ነው መሰል።»

ገላኔ የሺዓለምን አየቻት። የሺዓለም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ካሴቱ ግን ቀጠለ።

«ሹፌር፣ ምንድነው የሚሉት?» አሉ መምህሩ በካሴቱ ውስጥ።

«ሎሚ በኮቱ ነው ጋሼ።» ወጣት ድምፅ ነው፤ ሳቁን ሊደብቅ እየሞከረ ነው። «ሎሚ በኮቱ።»

«በማን ኮት?»

«በኔ ኮት ጋሼ። ገና አልገባችም እንጂ።»

ገላኔ ጀርባዋ ላይ የተኛው ልጇ እስኪነቃ ድረስ ደነገጠች። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ኦሮምኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣ፣ የ«ቱ»ን መጥበቅና መላላት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው።

ወይዘሮ ሎሚ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ሁለቱም እግራቸው ውስጥ።

«ድገመው» አሉ።

መሐመድዘይን ደገመው። «በኔ ኮት ጋሼ። ገና አልገባችም እንጂ።»

«ድገመው።»

ሦስተኛው ሲያልቅ፣ «ይሄ ሰውዬ!» አሉ። «ይሄ ውሸታም! ሠላሳ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንድ ቀን አልነገረኝም! በየሠርጉ እየሳቀ፣ እኔ የዘፈኑ ሞኝነት የሚያስቀው መስሎኝ!» ዓይናቸው ርጥብ ነበር፣ አፋቸው ግን እየሳቀ ነበር። «የናፍጣ ሽታ ነው ያለኝ እኮ ለሎሚው።»

«ታዲያ አባቴ አልተሳሳተማ» አለች የሺዓለም በቀስታ።

«አልተሳሳቱም። ተሸወዱ።»

ሁሉም ሳቁ። ካሴቱ ግን አሁንም እየዞረ ነበር፤ ወይዘሮ ሎሚ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኟቸው። የሚሮጥ እግር፣ እልልታ፣ «መጣሁ! መጣሁ!» የምትል የምታለከልክ ልጅ። እሳቸው ነበሩ። መዳፎቹ ግን አላቆሙም። ዘፈኑ ለሌላ ሴት እንደገና ተጀመረ። ልክ ስሟ ላይ ሲደርሱ ረጅም ፊሽካ ተነፋ፤ ስሙን ሸፈነው፤ ከፊሽካው ሥር የወጣችው «ኮቱ» የምትለዋ ብቻ ናት። «ሳትወጪ አይሄድም ይሄ...» ሲሉ ሞተሩ ጮኸ፤ ድምፃቸው ተንገዳገደ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ንፋስ ብቻ። ከዚያ መምህሩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፦ «ሄዱ።»

ቁልፉ ቀጭ ብሎ ወጣ።

«ማን ነበረች?» አለች ገላኔ።

ወይዘሮ ሎሚ የዚያን ጊዜ ጓደኞቻቸውን በጣታቸው ቆጠሩ። «እንቁ መኪናው ላይ ነበረች። ጉዲቱ አጠገቤ ነበረች...» እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። «ያን ቀን ተቆጣጣሪው ራሱ ጋቢና ገባ። ዱጋሳ መቆም አልቻለም። አዲስ ልጅ ነበረች፤ ሳምንትም አልሠራች። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም።» በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። «እነሱ ለኔ ዘፍነው አደረሱኝ። እኔ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር፣ ገላኔ ኮ። ደርሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል፤ አልዘፈንኩላትም። አንድ ሰው ሲጨመር ድምፁ ከፍ ይል ነበር። ስሟን እንኳ አልያዝኩትም።»

ገላኔ ያኔ ገባት። አንድ እግር ውስጥ፣ አንድ እግር ውጭ የሚያቆማቸው የራሳቸው ማርፈድ አልነበረም፤ ያቺ «አንድ ጊዜ» ለሌላዋ ሳይዘፍኑላት የቀሩባት ናት።

ሲመለሱ መቂ ላይ ሚኒባሱን አስቁመው ወረዱ። መገንጠያው አካባቢ ያገኟቸውን አሮጊቶች ሁሉ ጠየቁ። አንዷ እርሻውን ታስታውሳለች፣ ሴቶቹን አታስታውስም። ሌላዋ «ያን ጊዜ ሰው ከየቦታው ይመጣ ነበር፤ ከዝዋይም፣ ከአርሲም» አለቻቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢኒያም ማልቀስ ጀመረ፤ ሦስቱም ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና ያዙ።

ዓርብ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሲከፈት ወይዘሮ ሎሚ በሩ ላይ ነበሩ። የሺዓለም ሌሊቱን ገጹን እንደገና ስትጽፈው አድራለች። ከላይ ካሴቱ ላይ እንዳለው የሴቶቹ ዘፈን፤ ከሥሩ የአባቷ «ሎሚ በኮቱ»፤ በመካከላቸው የሹፌሩ መልስ ቃል በቃል። የአለኝታ ምሳሌ የሚለው ማብራሪያ ወጥቷል። ከሴቶቹ ዘፈን መጨረሻ ላይ ደግሞ በስም ቦታ ነጠብጣብ ብቻ ነበር፦

«................ ኮቱ፣
ሳትወጪ አይሄድም ይሄ...»

አንባቢ ኮት መስሎት እንዳይስት፣ ከቃሉ በላይ በብዕር «ቱ ይጠብቃል» ብላ ጽፋበታለች። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን ዘቅዝቃ፣ አቅንታ አየችው።

«እትዬ፣ ይጠብቃል ነው የሚለው? ማንን ነው የሚጠብቀው?»

የሺዓለም ሳቀች፤ ስለ መጥበቅና መላላት ልታስረዳት አፏን ከፈተች። ወይዘሮ ሎሚ ከበሩ ቀደሟት።

«ያልመጣችዋን» አሉ።

ልጅቷ እንደተጻፈው ተየበችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ገላኔ ድምፅዋን ሳምንቱን ሙሉ ቆጥባ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም ግማሽ አወጣችው። ቱዋን ጠበቅ አደረገቻት፤ ኦሮምኛ የሚያውቀው ግማሹ አዳራሽ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ እንደ አንድ ሰው ተቀበለ። ነጠብጣቡ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ጂጂ ከበሮውን ብቻዋን እንደ ሳንቃ መታችው። ከኋላ ወንበር ሰዎች እየዞሩ ወደ በሩ ማየት ጀመሩ።

የሠርጉ ልማድ አልቀረም፤ ገላኔም እንዲቀር አትፈልግም። ሰኞ ሰኞ ከኮት ኪስ ሎሚ ትለቅማለች። የተለወጠው ወይዘሮ ሎሚ አሁን ሻዩን በዚያ ሎሚ መጠጣታቸው ነው። አንዱን ደግሞ እየመረጡ በሩ ኋላ በተሰቀለው ቡናማ ኮት ኪስ ይከታሉ። መቀመጡን ግን አሁንም አልለመዱትም። ማተሚያ ቤቱ የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም በመስከረም እሠራለሁ ብሏል፤ ነጠብጣቡ እስከዚያ ይጠብቃል።

ስለዚህ ገላኔ ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር ትለምናለች። በሰኔ 1976 መቂ መገንጠያ ላይ ፊያቱ ጥሏት የሄደች እናት፣ አክስት ወይም አያት ካለቻችሁ፣ ወይም «አንድ ጊዜ ቲማቲም ለቀማ ሳምንት ሠርቼ ነበር» ስትል የሰማችኋት ሴት ካለች፣ ስሟን ጠይቋትና ንገሩን። አዳማ መጥታችሁ የሠርግ ልብስ የሚያከራዩትን «ዘፈን አውጪዋ ገላኔ» ብትሏቸው ያሳዩአችኋል። እሷ ራሷ በሕይወት ካለች ደግሞ ሠርግ ባለበት ቅዳሜ ይዛችኋት ኑ። ብታረፍዱም ግድ የለም፤ እስክትገባ ድረስ ዘፈኑን አንጨርስም።